ቱርቦው ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ይመዘን

ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ብሎ የመዘገበለት የቤንዚን መኪና ጅቡቲ ከመርከብ ሲወርድ 100ውን እንደያዘ ነው። አዋሽን ተሻግሮ፣ አዳማን አልፎ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርስ ግን የሚቀረው 75 ያህል ነው። ጉድለቱን ጉምሩክ አልወሰደውም፤ ደላላም አልቆረጠውም። የወሰደው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናትና አየሯ ስስ ነው። ሞተር ያለ አየር ቤንዚን ማቃጠል ስለማይችል፣ አየር በጎደለው ልክ ጉልበቱም ይጎድላል።

ይህን ጉድለት የሚሞላው መሣሪያ ቱርቦ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንድ ፋን ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሁለተኛው ፋን አብሮ ሲዞር አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ለሲኖትራክ ባለንብረት ይህ ብርቅ አይደለም፤ መኪናው ከፋብሪካው ከነቱርቦው የመጣ ነው። የተለየው ነገር፣ ያለ ቱርቦ በተሠራ የቤንዚን አውቶሞቢል ላይ ቱርቦ ማሰርና የፋብሪካውን የሞተር ኮምፒዩተር ለዚያ እንዲስማማ ማድረግ ነው።

ጉዳዩን የጎረምሶች የፍጥነት አምሮት ነው ብሎ መተው አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን መለዋወጫውም ከምንዛሪው ጋር አብሮ ወጣ። አዲስ መግዛት ሲከብድ ያለውን ማሻሻል ይመጣል፤ ማሻሻል ሲመጣ ደግሞ የተሻሻለውን መሸጥ ይከተላል። ነጋዴውን፣ ደላላውንና ባለሀብቱን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ገበያ አንድ ስሕተት ሥር እንዳይሰድ ያሰጋል፤ ይኸውም ዋጋውን ሁሉ ለቱርቦው ከፍሎ ኮምፒዩተሩን እንደ ምርቃት መቁጠር ነው። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ቱርቦ ብረት ነው፤ ይገዛል፣ ይታሰራል፣ ሲበላሽም ይፈታል። ሞተሩን የሚያኖረውም የሚገድለውም ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ነው።

እስከ 100 የሚመዝን ሚዛን

የሞተር ኮምፒዩተር ሥራ ረቂቅ ይምሰል እንጂ ሐሳቡ ለነጋዴ ቅርብ ነው። በውስጡ እንደ ዋጋ ዝርዝር ያሉ ሰንጠረዦች አሉ። በአንድ በኩል ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ በሌላ በኩል ምን ያህል አየር እንደገባ ይነበባል። ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ትዕዛዙ ተጽፏል፤ ኢንጄክተሩ ቤንዚን ለስንት ጊዜ ይርጭ፣ ካንዴላውስ መቼ እሳት ይስጥ የሚል።

አየሩ ምን ያህል እንደሆነ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ሴንሰር ነው። በአንዳንዱ መኪና ሴንሰሩ የአየሩን ግፊት ይለካል፤ በሌላው የሚያልፈውን የአየር መጠን። ያለ ቱርቦ የተሠራ ሞተር ከባሕር ጠረፍ አየር የበለጠ ግፊት አግኝቶ ስለማያውቅ፣ የፋብሪካው የግፊት ሴንሰር የሚያየው እስከዚያው ወይም ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ብቻ ነው። ሰንጠረዡም የሚያልቀው እዚያው ላይ ነው።

እስከ 100 ኪሎ ብቻ በሚመዝን ሚዛን ላይ 125 ኪሎ ቡና ቢጫን ሚዛኑ 100 ብሎ ይቆማል። ሚዛኑ አልተሰበረም፤ የሚያውቀው እስከዚያ ነው። የ25 ኪሎው ሒሳብ የሚጠፋው ግን ከባለቤቱ ኪስ ነው። ሞተርም ላይ እንዲሁ ነው። 125 አየር ገብቶ ኮምፒዩተሩ 100 ብሎ ካነበበ የሚረጨው ቤንዚን የ100ው ብቻ ይሆናል። የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ለ1 ኪሎ ቤንዚን ከ12 እስከ 13 ኪሎ አየር ይዞ ቢሠራ ይስማማዋል። ቤንዚኑ አንሶ አየሩ ሲበዛ ቃጠሎው ይግላል፤ ካንዴላው ባስነሳው እሳት ገና ያልተቃጠለው ቅሪት በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። መካኒኮች ሞተሩ አንኳኳ የሚሉት ይህንን ነው። ማንኳኳቱ ሲደጋገም ፋሻ ይሰበራል፣ ፒስቶን ይሰነጠቃል፣ የቴስታው ጓርኒሲዮን ይበላል።

የኦክስጅን ሴንሰሩ ያርመዋል የሚል መከራከሪያ ይሰማል። ይህ ሴንሰር በረጋ ጉዞ ላይ ጠቃሚ ነው፤ በተለመደው የፋብሪካ አሠራር ግን የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ኮምፒዩተሩ የሴንሰሩን እርማት ትቶ በሰንጠረዡ ይመራል። እርዳታ በሚፈለግበት ሰዓት ረዳቱ የለም ማለት ነው።

ከናፍጣ መኪና የተገኘ ልምድም እዚህ ላይ ያሳስታል። ኮምፒዩተር በሌለው፣ ለምሳሌ ዋን ኤች ዜድ በሚባለው የላንድ ክሩዘር የናፍጣ ሞተር ላይ ቱርቦ ሲታሰር ናፍጣው የሚስተካከለው በፓምፑ ነው። የናፍጣ ሞተር አየር ቢበዛለት አይጎዳም፤ የሚጎዳው ናፍጣ ሲበዛበት ነው፤ ያን ጊዜም ጥቁር ጭሱ አስቀድሞ ይናገራል። በቤንዚን ሞተር ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ገዳዩ የነዳጅ ማነስ ነው፤ ጭስ ሆኖም አይታይም። በናፍጣ መኪና የተመሰገነ እጅ በቤንዚን መኪናም ይመሰገናል ማለት አይቻልም።

ደጋ ላይ ጤነኛ፣ ቆላ ላይ በሽተኛ

ነገሩን ለአዲስ አበባ ልዩ የሚያደርገው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ነው። የባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 100 ቢባል የኡራኤል 75፣ የአዳማ 81፣ የአዋሽ ሰባት ኪሎ 89 አካባቢ ነው። ኡራኤል ላይ 25 ብቻ የሚጨምር ልከኛ ቱርቦ ቢታሰር ድምሩ 100 ይሆናል። 100 ደግሞ ፋብሪካው የሚያውቀው ቁጥር ነው። ሴንሰሩ ያነበዋል፤ ሰንጠረዡም ትዕዛዙን ይዟል፤ ቤንዚኑም ይዳረሳል። ሲጨመቅ የሞቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ከተጨመረለት መኪናው የተወለደበትን ጉልበት መልሶ አገኘ ማለት ነው።

ይህ የደጋ ጸጋ ነው፤ ወጥመድም ነው። ኮምፒዩተሩ ሳይነካ ቱርቦ የታሰረለት መኪና ከኡራኤል ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ መገናኛ ሲመላለስ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ገዢው ይሞክረዋል፣ ዳገት ላይ ይፈትነዋል፣ ይወደዋል። ውሉ ይፈረማል፤ ኮሚሽኑም ይከፈላል።

መኪናው ግን አንድ ቀን ወደ ቆላ መውረዱ አይቀርም። ተራ ቱርቦ ግፊቱን የሚቆጣጠረው በስፕሪንግ ነው፤ ስፕሪንጉም የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ የተጨመረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ያው 25 አዳማ ላይ ድምሩን 106፣ አዋሽ ላይ 114፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 125 ያደርሰዋል። ከ104 በላይ የማያይ ሴንሰር ላለው መኪና ከአዳማ በታች ያለው መንገድ ሁሉ ጨለማ ነው። የአዋሽ ሙቀት ደግሞ አለ፤ አየር በጋለ ቁጥር ማንኳኳት ይቀርባል። ሞተሩ የሚቃጠለው ከሻጩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ገዢው ደውሎ ቢጮህ መልሱ የታወቀ ነው፤ «እኔ ስሸጥልህ ደህና ነበር»። ደህና መሆኑ እውነት ነው፤ ደህንነቱ የኡራኤል አየር ነበር እንጂ የመኪናው አልነበረም።

የኢንጄክተሩም ሒሳብ ይኸው ነው። በደቂቃ 6,000 ጊዜ በሚዞር ሞተር ላይ አንድ ኢንጄክተር ለአንድ ሙሉ ዙር ሥራ ያለው ጊዜ ከሰከንድ 1,000 እጅ 20ው ብቻ ነው። በባሕር ጠረፍ ከ20ው 16ቱን የሚጠቀም መኪና ኡራኤል ላይ 12 ይበቃዋል። በቱርቦ ወደ 100 ሲመለስ እንደገና 16 ይሆናል። 125 ሲደርስ ግን 20 ያስፈልገዋል፤ ኢንጄክተሩ ሳይዘጋ ይውላል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የፈለገው ቢጻፍ ቤንዚን ከየትም አይመጣም፤ ከፍ ያለ ኢንጄክተርና ፓምፕ የግድ ነው። «ትልቅ ቱርቦ ነው ያለው» ተብሎ ዋጋ ሲጠራ ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ «ኢንጄክተሩስ?» የሚል መሆን አለበት።

ማታለል፣ ማስተካከል፣ መለወጥ

በዓለም ገበያ ኮምፒዩተሩን ለቱርቦ የማስማማት ሥራ በሦስት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው ማታለል ነው። በሴንሰሩና በኮምፒዩተሩ መካከል ትንሽ ሳጥን ገብቶ ወሬውን ያዛባል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አንዱን ሲያቀና ሌላውን ያጣምማል። ለምሳሌ ትልቅ ኢንጄክተር ከገባ በኋላ ቤንዚኑን ለመቀነስ «የገባው አየር ጥቂት ነው» ተብሎ ለኮምፒዩተሩ ከተነገረው ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ አየሩ ጥቂት መስሎት ግን እሳቱን አስቀድሞ ይሰጣል። በቱርቦ ሞተር ላይ ደግሞ እሳት መዘግየት እንጂ መቅደም አይገባውም።

ሁለተኛው የፋብሪካውን ኮምፒዩተር ራሱን ማስተካከል ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኮምፒዩተሩ ተከፍቶ በውስጡ ያለው ቺፕ ይለወጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ብዙ መኪናዎች ላይ ሥራው የሚሠራው በዲያግኖስቲክ መሰኪያው በኩል ነው። የባሕር ጠረፍን አየር 2 ወይም 3 እጥፍ የሚለካ ሴንሰር ይገባል፤ ኮምፒዩተሩም አዲሱን ሚዛን እንዲያነብ ይደረጋል። ሰንጠረዡ ይረዝማል፤ የአዲሱ ኢንጄክተር ልክ ይጻፋል፤ ግፊቱ በጨመረ መጠን እሳቱ እንዲዘገይ ይታዘዛል። ከሁሉ በላይ ገደብ ይቀመጣል፤ ግፊቱ ከተፈቀደው ሲያልፍ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ቆርጦ ሞተሩን ያድናል። ጠዋት በብርድ ማስነሳቱ፣ ኤሲው፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው፣ የቁልፉ ጥበቃ ሁሉ ፋብሪካው እንደሠራው ይቀጥላል።

ሦስተኛው ኮምፒዩተሩን ጨርሶ በሌላ መለወጥ ነው። ነፃነቱ ሰፊ ነው፤ ፋብሪካው በዓመታት የሞከረውን ሁሉ ግን ከባዶ መጀመር ይጠይቃል። ለውድድር መኪና ይሆናል፤ ሚስትና ልጅ ይዞ ሐዋሳ ለሚወርድ፣ ነገም ተሽጦ ወደ ሌላ እጅ ለሚሄድ መኪና አይመከርም።

ለገበያ የሚሆነው፣ የመኪናው ዓይነት እስከፈቀደ ድረስ፣ ሁለተኛው ነው። እርሱም ቢሆን ቁጥር ጽፎ መኪናውን በማስረከብ አያልቅም። የጭሱን ይዘት በሰፊው በሚለካ የኦክስጅን ሴንሰር እየተለካ፣ የማንኳኳት ምልክቱ እየተመዘገበ፣ ደጋም ቆላም መነዳት አለበት። ቤንዚኑም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. 5 ከመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 ከመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ እንደነበር ይታወሳል። ኢታኖል ለተመሳሳይ አየር ከቤንዚን የበለጠ መጠን ይጠይቃል። የጎደለ ወይም በርሜል ውስጥ የሰነበተ ነዳጅ ደግሞ በየመንገዱ ይገጥማል። ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ ሰንጠረዡን እስከ ጫፉ አይስበውም፤ ለመጥፎ ቀን የሚሆን ክፍተት ይተዋል።

የሌላው አገር ገበያ የከፈለው

ቱርቦና ከፍታ የቆየ ትውውቅ አላቸው። አልፍሬድ ቡኺ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ፈቃዱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ቱርቦ የታሰረለትን የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው የአሜሪካ ተራራ፣ ፓይክስ ፒክ አውጥቶ ሞከረው። የፈለገውም ኡራኤል ላይ እንደሚፈለገው ሁሉ ስስ አየር የወሰደውን ጉልበት ማስመለስ ነበር።

አውቶሞቢል ላይ ሲመጣ ግን ትምህርቱ መራራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የሚባል ባለ ቱርቦ መኪና አወጣ። ማንኳኳቱን የሚከላከለው ከአንድ ገንዳ የሚረጭ የውኃና የሜታኖል ድብልቅ ነበር። ብዙ ባለመኪናዎች ገንዳውን መሙላት ረሱ። ችግሩ ሲበዛ ፋብሪካው ራሱ ቱርቦውን እየፈታ ተራ ካርቡራተር ለማሰር ተገደደ። ሳብ የተባለው የስዊድን ፋብሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ማንኳኳትን የሚሰማ ሴንሰርና ግፊቱን በዚያው ልክ የሚቀንስ ኤሌክትሮኒክስ ሲያመጣ ቱርቦ ለቤተሰብ መኪና የሚታመን ሆነ። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ብረቱ አይደለም፤ ብረቱን የሚያዝዘው አእምሮ ነው።

ገበያው ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ፣ ወሬ ሳይሆን ወረቀት ይጠየቅ። ቱርቦ የታሰረለት መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ አብሮት መዝገብ ሊኖረው ይገባል። የትኛው ሴንሰር ገባ፣ የትኛው ኢንጄክተር፣ የግፊት ገደቡ ስንት ነው፣ ደጋና ቆላ ሲነዳ የተመዘገበው ልኬት የታለ፣ የፋብሪካው የመጀመሪያ ፕሮግራምስ ተቀምጧል ወይ? እነዚህ አምስት ጥያቄዎች መልስ ካላቸው መኪናው ጭማሪ ዋጋ ይገባዋል። መልስ ከሌላቸው ቱርቦው ጭማሪ ሳይሆን ቅናሽ ነው፤ ገዢው ሞተር የማውረጃውን ዋጋ ቀንሶ ይደራደር። ከፋብሪካው ከነቱርቦው የመጣ መኪና ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ የርሱ ኮምፒዩተር ሲወለድ ጀምሮ ያውቀዋል።

«ቱርቦ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው የሻጭ አባባልም ይመርመር። በዚያው ሞተር ላይ የተጨመረ አየር የተጨመረ ቤንዚን ይጠይቃል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ የአዲስ አበባ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር በላይ መሆኑን ያየ ሰው ጉልበት በነፃ እንደማይመጣ አያጣውም።

ሁለተኛ፣ ወረቀት የሚያስፈልገው የሰው አድራሻ ስለማይጸና ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ስንት ሱቅና ስንት ደንበኛ ተበታተነ። «ያሠራሁት እዚያ ጋ ነው» የሚለው ማስረጃ ሕንፃው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። በእጅ ያለ መዝገብ ግን ከመኪናው ጋር ይዞራል።

ሦስተኛ፣ ሕጉ ይታወስ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት አለበት፤ ገዢም መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ማሳወቅ ይገባዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ ዋስትና የገባ ሰው አደጋውን የሚያከብድ ለውጥ ሲኖር ለመድን ድርጅቱ እንዲያሳውቅ ያዛል። ጉልበቱ የጨመረ መኪና ፍሬኑና ጎማው የቀድሞው ከሆነ ለውጡ ከባድ ነው። ውልና ማስረጃ ፊት በሚቀርበው ውል ላይ ስለ ቱርቦውና ስለ ኮምፒዩተሩ ሁለት መስመር ቢጨመር ለሻጭም ለገዢም ክርክር ይቀንሳል፤ ደላላውንም ከሐሜት ያድነዋል።

አራተኛው ነጥብ የባለሀብቱ ነው። «የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ስለ ቱርቦ ማውራት የሞተ ፈረስ መግዛት አይደለም ወይ?» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪና ሰፊ የታክስ እፎይታ ሰጥቷል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ኡራኤል ሆነ ጅቡቲ ጉልበቱ ያው ነው። ስለዚህ መጋዘን ሙሉ ቱርቦ በውጭ ምንዛሪ አምጥቶ መደርደር የሚያዋጣ ንግድ አይመስልም። የገቡት የቤንዚን መኪናዎች ግን በአንድ ጀንበር አይጠፉም፤ እያረጁ ሲሄዱም መለካትና ማስተካከል ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። ገንዘቡ መዋል ያለበት በመለኪያው ላይ ነው፤ የጭስ መለኪያ፣ የጉልበት መለኪያ ሮለር፣ የኮምፒዩተሩን ቁጥር የሚያነብ መሣሪያና የሚያነበው የሠለጠነ ሰው። ይህ ዕቃና ይህ እውቀት ቱርቦ ላልታሰረለትም መኪና ይሠራል፤ ቤንዚን የሚያባክነውን ይለያል፤ ለሽያጭ የቀረበውን ሞተር ሳይፈታ ይመረምራል። ከገለልተኛ ቦታ የተሰጠ የልኬት ወረቀት የሚታመንበት ገበያ ደግሞ ሁሉም የሚያተርፍበት ገበያ ነው።

ቡና ነጋዴ ሳይመዝን አይገዛም፤ ወርቅ ነጋዴ ሳያስነካ አይገዛም። ሚሊዮን ብር የሚጠራበት መኪና በጆሮ ብቻ፣ በማርሚታው ድምፅና ኡራኤል አካባቢ በተደረገ የአሥር ደቂቃ ሙከራ የሚገዛበት ምክንያት የለም። የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የኮምፒዩተሩን መዝገብ ይጠይቅ፤ ከሌለ ሻጩን ይዞ እስከ አዋሽ ይውረድ።